መመለስ የማይችል የካርቶን ልጅ

ልጄ ሌንሳ ኮምፒውተር ላይ ጌም ትሠራለች። ጌም የምትለው ሥዕል ያለው ተረት ነው፤ ሰው ቆሞ ያወራል፣ ንግግሩ ከታች ይጻፋል፣ ከዚያ «ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቅሃል። ሰሞኑን ስትነጫነጭ ሰማኋት።

«አባዬ፣ ሰዎቹ ድርቅ ብለው ቆሙ እኮ! ካላንቀሳቀስኳቸው ማንም አይጫወተውም።»

ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ኮምፒውተር መክፈትም አላውቅ። ይህን ሥራ ግን አውቀዋለሁ።

በደርግ ዘመን፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። እኔና ቶሌራ ጎረምሶች ነበርን፤ እሱ ሥዕል ይችላል፣ እኔ ወሬ። ሥዕል የተሣለበት ረጅም ወረቀት አጣብቀን፣ እንጨት ላይ ጠቅልለን፣ መስኮት በቀደድንለት ትልቅ ካርቶን ውስጥ እናዞራለን። በመቱ ገበያ ቀን መቱ፣ በጎሬ ገበያ ቀን ጎሬ፣ አንዳንዴም ቡሬ። ተረቱ አገሩን ጥሎ ስለሚሄድ ልጅ ነው። መንገዱ ጋ ሲደርስ «ይሂድ ወይስ ይቅር?» እላለሁ፤ ሰው የጮኸውን እናሳያለን። የኛ አገር ክረምት መች ያልቃል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ሰዉ ግን በቆሎ ጥብሱን እየጋጠ ዝናቡ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ኋላ ቪዲዮ ቤት ተከፈተና ሁሉም ወደዚያ ነጎደ።

«ካልተንቀሳቀሰ አለቀልን» አልኩት ቶሌራን።

ልጁን ከሳሙና ካርቶን ቆርጦ፣ እግሩን በክር አጋጥሞ፣ ቀጭን እንጨት ላይ ሰካው። ከኋላ ወረቀቱ ሲዞር፣ ከፊት እኔ እንጨቱን ሳወዛውዝ፣ ልጁ መንገድ ገባ! ሰዉም ተመለሰልን።

ፊቱን ቶሌራ ያወጣው ከጓደኛችን ከደረጀ ነው። ደረጀ ዘምቶ ድምፁ ጠፍቷል። እናቱ እትዬ ጥሩነሽ መቱ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ፤ አዩትና «ይሄማ የኔ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከፊት ናቸው። «ይሂድ ወይስ ይቅር?» ስል እሳቸው «ይቅር!» ይላሉ። ሌላው ሲራመድ ማየት ይፈልጋልና «ይሂድ!» ይላል። ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠጋ አሉኝ። «ሲሄድስ አየሁት። ማሎ፣ ዛሬ እንኳ ሲመጣ አሳዩኝ» ብለው ለመኑ።

ልጁ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ነው። ብንገለብጠው ጀርባው የሳሙና ጽሑፍ ነው። ቶሌራ «ለሚመጣው ገበያ ልሣልልዎት፣ እትዬ» አለ። እኔ ግትር ነኝ፤ ዛሬም ግትር ነኝ። እናት «ዛሬ» ብላ ለምና «ለሚመጣው ገበያ» ይባላል? እንጨቱን ወደ ኋላ ሳብኩት። ልጁ ተረከዙን እያስቀደመ መጣ።

«ኧረ የኋላ ማርሽ አስገባ!» አለ አንድ ሾፌር። ገበያው በሳቅ አውካካ።

እትዬ ጥሩነሽ አልተቆጡም። «የኔ ልጅ እንዲህ አይመጣም» አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ቶሌራ ሳምንቱን ሙሉ የልጁን ጀርባ ሲቀባ ሰነበተ። የሳሙናው ጽሑፍ ከቀለሙ ሥር ብቅ እያለ አስቸገረው፤ በመጨረሻ ግን ልጁ ወደ ቤቱ የሚመጣ ሆነ፤ ፈገግም ብሏል። በገበያው ቀን ጠበቅናቸው፤ ቀሩ። እንግዲያው ቤታቸው እናድርስላቸው ብለን፣ ልጁን ኮቴ ውስጥ ከትቼ በጭቃው ሄድን።

ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ንጋት ላይ ሽማግሌዎች መጥተው የደረጀን መርዶ አርድተዋቸዋል።

«መጣችሁ ልጆቼ?» አሉን። ተቀመጥን። ንፍሮ ተሰጠን። የካርቶኑ እጅ ጎኔን እየወጋኝ፣ ከድንኳኑ እስክንወጣ ኮቴን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቶሌራ ከዚያ ወዲህ ሰው ሥሎ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለሌንሳ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ ልታጽናናኝ ይመስለኛል፣ አንድ ቁልፍ ነክታ የጌሟን ልጅ አዞረችው። ቅልጥፍ ብሎ ዞረ፤ ጽሑፍ የለበት፣ ቀለም የለበት።

«አየህ አባዬ? አሁን እኮ ቀላል ነው።»

ቀላል ነው፤ አየሁት። ሰው ሲቆይ ሁሉንም ማዞር ይችልበታል። ግን ቆሞ የሚጠብቀው ካለፈ በኋላ ነው የሚችልበት።

«ለማን ነው የሚመጣው?» አልኳት። እጇን ከቁልፉ አነሳች።