ፈረስ የገዛው መርዶ ነጋሪ

ወንድሜ ሲደውል ሰመራ ነበርኩ፤ የምሠራበት ክሊኒክ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ።

«እቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

«ብቻዬን ነኝ። እማዬ ምን ሆነች?»

«እማዬ ደኅና ናት። አባባ ነው። አባባ ዐርፏል።»

«መቼ?»

«አንቺ ሳትወለጂ» አለኝ።

አባቴ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲዘምት እኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። አልተመለሰም። ሞተ ያለንም የለም። ስለዚህ በቤታችን አባቴ ያልመጣ ሰው እንጂ የሞተ ሰው አልነበረም። እናቴ ፍትሐት አላስፈታችም፣ ተዝካር አላወጣችም። ይመጣ ይሆናል ለሚባል ሰው ፍትሐት ማስፈታት ነውርም ኃጢአትም ነው።

ፈቃድ ልጠይቅ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። «ነፍስ ይማር፤ መቼ ዐረፉ?» አለኝ። መዋሸት አልወድም፤ እውነቱን ነገርኩት። እስክሪብቶውን እንደያዘ ቅጹንም እኔንም አየ። አዛኝ ሰው ነው፤ የቀኑን ቦታ ክፍት ትቶ ፈረመልኝ።

ነገሩ የወጣው እንዲህ ነው። የደብራችን ሰንበቴ ማኅበርተኞች ከአጥቢያው የዘመቱትን ሁሉ ታሪክ በአንድ መዝገብ ለማስፈር ተነሡ። ወንድሜ ድምፅ በስልኩ እንዲቀዳ ታዘዘ። መጀመሪያ የሄደው ጥሊሊ፣ ከአባቴ ጋር ዘምተው የተመለሱት ሽማግሌ ዘንድ ነው። እኒህ ሰው የቤታችን ወዳጅ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት ሁለቴም ሦስቴም እየመጡ ይጠይቁን ነበር።

ቅጂውን ሰምቼዋለሁ። ስለ ስንቅ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ውኃ ጥም ያወራሉ፤ ሲጨንቃቸው ወደ አዊኛ ይገባሉ። መሐል ላይ፣ «እዚያች ጉብታ ላይ ወደቀ፤ ዓይኑን እኔው ከደንኩለት። ከዚያ ውኃ መጣልን» ይላሉ። ወንድሜ «ማን ነው የወደቀው?» ይላል። ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል።

«የእናንተው ነዋ» አሉ።

ከሰመራ ሙቀት ወጥቼ እንጅባራ ስወርድ ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። እናቴ ገና አልሰማችም። ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ከወንድሜ ጋር በሚኒባስ ጥሊሊ ገባን። አዲስ ደብተር ገዝቼ ነበር፤ ያባቴን የዘመቻ ታሪክ ለልጅ ልጅ የሚቆይ አድርጌ ልጽፍ።

«አባባ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አልኳቸው።

«ልነግር መጥቼ ነበር እኮ፣ ልጄ! ስንቴ!» በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «መጀመሪያ ስመጣ እናትሽ ተራዋ ደርሷት ማኅበር ደግሳለች። ጽዋ ፊት መርዶ ይነገራል? ሁለተኛ ስመጣ እህሉ አውድማ ላይ፣ ደመናው ከላይ። ብናገር ማን ያነሣዋል? ሦስተኛው ሕማማት ነበር፤ በሕማማት ፍትሐት የለ። አራተኛው አንቺን ኩፍኝ ይዞሻል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ሽማግሌ አማከርኩ። ‹በል እኔ ቀን እቆርጣለሁ፣ አብረን እንነግራለን› አሉኝ። ቀኑ ሳይደርስ እሳቸው ራሳቸው ዐረፉ። እሳቸውን ስናለቅስ ከረምን። እንዲህ እንዲህ ሲል ቆየ። የቆየ መርዶ ደግሞ እንዴት ይጀመራል?»

«ታዲያ ቤታችን እየመጡ ምን ይሉ ነበር?»

አንገታቸውን ደፉ። «እናትሽ ‹በደኅና ነው የመጣኸው?› ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው ፈረሱ ነው። ‹ዳማውን ትሸጪው እንደሆን ብዬ› አልኳት። ሸጠችልኝ።»

ያባቴን ፈረስ ይዘው ጥሊሊ ተመለሱ። በዓመቱ መርዶውን ሊነግሩ መጥተው ኮርቻውን ገዙ። ቀጥሎ ልጓሙን። በመጨረሻ ከቤታችን የሚገዛ ሲያጡ ድንች ገዙ።

«ጥሊሊ ድንች ጠፍቶ!» አለ ወንድሜ።

«ምን ላድርግ፣ ልጄ?»

ደብተሬን አወጣሁ። ስለ አባቴ ስጠይቃቸው፣ «ጨዋ ነበር፣ ዝምተኛ ነበር፣ በጀግንነት ወደቀ» አሉኝ፤ ሦስት መስመር ሞላ። ስለ ዳማው ግን ሳልጠይቃቸው ዐሥራ አንድ ገጽ አስጻፉኝ፤ አረማመዱን፣ ቁጣውን፣ የወለዳቸውን፣ እነዚያም የወለዷቸውን። ያንዱ ዘር ዛሬ ግምጃ ቤት ከተማ ጋሪ ይጎትታል። ያባቴ ብቸኛ ፎቶ ሳይቀር እሳቸው ዘንድ ተገኘ፤ የዘመቱ ዕለት እንጅባራ የተነሡት ነው። ፈረሱ ከጆሮው እስከ ጭራው ሙሉ ነው። አባቴ ከክርኑ ወዲያ ተቆርጧል፤ ልጓም የያዘ ክንድ ብቻ። ላስቲክ አልብሼ፣ «አባታችን (በስተግራ)» ብዬ ጻፍኩበት።

እናቴ ወጉ እንደሚያዘው ጎሕ ሲቀድ በሽማግሌ ተነገራት። ስድስት ሰው ሆነን ደጅ ቆምን። በሩን ከፍታ ነጠላ ያዘቀዘቀውን ሰው ሁሉ አየች፤ ከኋላ የጥሊሊውን ሽማግሌ አየች።

«ደግሞ ምን ልትገዛ መጣህ?» አለቻቸው።

ያን ጊዜ ተናገሩ። ቀጥ ብለው፣ አንድም ቃል ሳያስተርፉ። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሐል፣ «ሞቱን በጉያው ይዞ ፈረሴን ገዛኝ!» ስትል ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰርኩ።

ጭንቁ የመጣው ከልቅሶው በኋላ ነው። የደብሩ ቄስ ለፍትሐት መጥተው፣ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» አሉ። የሚያውቀው ሰው የለም። አያቴ ሞታለች። የክርስትና አባቱም፣ የነፍስ አባቱም ሞተዋል። ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? ባሌን በዓለም ስሙስ ጠርቼው አውቃለሁ? በኛ ጊዜ ባል በስሙ ይጠራል?»

«ግድ የለም» አሉ ቄሱ። «‹ስሙን አንተ ታውቀዋለህ› ብለን እናሳርጋለን። እግዚአብሔር አይሳሳትም።»

«እግዚአብሔርማ አይሳሳት፣ አባቴ። መስማት የምፈልገው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የፈረሱን ወሬ ሰማሁ። እሱ አንድ ቀን በስሙ ሲጠራ ሰምቼ ልሙት።»

ቄሱ እንዳሉት ጸለዩ። እናቴ ግን ስሙ ሳይገኝ ተዝካሩን አልደግስም ብላ ቀረች። ሰባውን ካለፈች ቆይታለች፤ ከቤት እስከ ደብሩ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ታርፋለች።

የጥሊሊው ሽማግሌ አንድ ነገር ያስታወሱት ከዚህ በኋላ ነው። ወደ ግንባሩ ሊወጡ ሲሉ፣ ከዳንግላ በኩል የመጣ፣ እንደነሱ ሚሊሻ የሆነ አንድ ቄስ ከጭነት መኪናው ጀርባ አንድ በአንድ አናዘዛቸው። የተረፈ ለደብሩ ያድርስ ብሎም የሁሉንም የክርስትና ስም በደብተር ቅጠል ላይ ጽፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ቄሱ ቆስሎ ሲጫን በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲያ አያውቁም።

ዳንግላ ሄጄ ከደብር ደብር ጠየቅሁ። አንድ አዛውንት በጥሞና ሰምተውኝ፣ «የዚያ ቄስ በቅሎ ቦራ ነበረች?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያ እንዴት ብዬ ልወቀው?» አሉ።

ፈቃዴ አልቆ ወደ ሰመራ ተመልሻለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ እለምናለሁ። ያኔ ከመኪናው ጀርባ ተራ ጠብቃችሁ የተናዘዛችሁ አባቶች፣ ያ ቄስ የት እንደደረሰ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። የእናንተ አባት ወይም አያት ከሆነም፣ ያስቀመጣችሁለትን ልብስ ኪስ እዩልኝ፤ የዳዊቱን ማኅደር ገልብጡልኝ። ቅጠሉ ከተገኘ በእንጅባራ በኩል ለሚያልፍ ሰው አትስጡት፤ ገልብጣችሁ ላኩት፣ ዋናውን እናንተ አኑሩት። የቱ ያባቴ ስም እንደሆነ ባይለይ እንኳ ሁሉንም ላኩልን። እናቴ ሁሉንም ታስጠራለች።