የጉድጓዱ ክፍል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ብቻዋን ትስቅ ጀመር። በዓለም ላይ ምን ያህል ሥራ የፈታ ሰው እንዳለ ልታሳየኝ ነው። እኔ በጎረምሳነቴ ያየሁትን አንድ የድሮ የመርማሪ ተከታታይ ፊልም ሰዎች ክፍል በክፍል ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድረው ይከራከሩበታል።

«አባዬ፣ ወላሂ ታውቀዋለህ! የትኛው ነው አንደኛ?» አለችኝ። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ያለ ወላሂ አይቆምም።

አላስታውስም አልኋት። ውሸቴን ነው። እኛም እኮ እንዲሁ ስንደረድር ከርመናል፣ ያውም በዚያ በክፉ ቀን።

የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤተሰባችን ድንበሩን የተሻገረው ከሰባ ሰባቱ ረሃብ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ስለነበር ሁለት ዓመት ዐረብኛ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ይህች ዕውቀቴ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ታስከብረኝ ነበር። ገበያው ዳር ሻይ ቤት የነበረው ሱዳናዊ፣ ዐም ኑር፣ የመግሪብ ሶላት እንዳበቃ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኑን የሳሙና ሣጥን ላይ አውጥቶ ይከፍታል። መርማሪው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል፤ እኔ ደግሞ ለተሰበሰበው ሐበሻ ጮክ ብዬ በአማርኛ እናገራለሁ። ጽሑፉ አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋብኛል። የጎደለውን ከራሴ እሞላዋለሁ። ማን ሊያውቅብኝ? አንዳንድ ሐሙስ ከመርማሪው እኔ እበልጥ ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክሩ ይነሣል። የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ መስፍን፣ ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ የሱቁ ቆርቆሮ በር ላይ ደረጃውን ይጽፋል፤ የባቡሩ ክፍል አንደኛ፣ የመርዙ ሁለተኛ፣ እያለ። በሳምንቱ ተጠርጎ እንደገና ይጻፋል። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ የማሽላ አገር የሚባለው ገዳሪፍ ራሱ ማሽላ ቸግሮት ነበር። በመተማ በኩል በየቀኑ ሰው ይገባል፤ አቧራው ወጣቱንም ሽማግሌውንም አንድ መልክ አድርጎት። እኛ አንድ ሰሃን ፉል ለአራት ከበን ስለ ፈረንጅ ሌባ እንጣላለን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ግን ሌላስ ምን ማድረግ እንችል ነበር?

ከእነዚያ እንግዶች አንዱ አያ ድረስ ነው፤ አርባ ዓመት የሚሆነው የአርማጭሆ ገበሬ። ድንበሩ ላይ ሚስቱ እንጉዳይ በጠና ታማ ሕመምተኛ የሚያመላልስ ሎሪ ላይ ጫኗት። ለእሱ ቦታ አልነበረም። «ገዳሪፍ ታገኛታለህ» አሉት። በእግሩ ተከትሎ ሲደርስ የለችም። በየሆስፒታሉ ስሟን ቢያስጠራ አቤት ያለ አልተገኘም። ከስደተኞች መጠለያው በሳምንት አንድ ቀን እየወጣ ይፈልጋታል፤ ሲመሽበት እኛ ዘንድ ጎራ ይላል። ስለ ደረጃው አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ የመጣው ክፍል ሚስቱ ስለጠፋችበት ሰው ነበር። መርማሪው ቤት ለቤት ሲጠይቅ አያ ድረስ ከኋላ ተነሥቶ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። በኋላ እንዲያውም ፊቱን ከቴሌቪዥኑ መልሶ የእኔን አፍ ያይ ጀመር። መጨረሻ ላይ ከአንድ ጉድጓድ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ሲያወጡ ጽሑፉን አነበብሁት። ሚስትየዋ ናት ይላል።

«ሌላ ሴት ናት» አልሁ።

ባልየው ግን ተንበርክኮ ያለቅሳል። «ደስ ብሎት ነው» አልሁ። «የእሱ ሚስት በሕመሙ ብዛት ስሟን ረስታ፣ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። አግኝተዋታል።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። መስፍን የባቡሩን ክፍል ጠርጎ የጉድጓዱን አንደኛ አደረገው። እኔም ለአንድ ምስኪን ሰው መልካም የዋልሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ድረስ ሸሚዙን አጥቦ፣ ገና ሳይደርቅ ለብሶት በራችን ላይ ቆሟል።

«ተነሥ እስቲ የኔ ወንድም፣ አንተ ዐረብኛውን ታውቀዋለህ። እኔ ሞኙ በስሟ እኮ ነው ስጠይቅ የኖርሁት! ስሟን የረሳች እንደሆነስ? ስሟን የረሱትን ነበር መጠየቅ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ጊዜውኑ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ እርጥቡን ሸሚዙን አይቼ አቃተኝ። ሆስፒታል ሄድንና ስሟን የማታውቅ ሴት አለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት አሮጊት ነርስ ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንዲት ትለኛለህ?» አለችና ወደ በረንዳው ወሰደችን።

ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረው ተኝተዋል። የሚናገር የለም። አያ ድረስ እያንዳንዷ ጋ ጎንበስ ብሎ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣቱ ገለጥ ያደርጋል፤ እንዳልሆነች ሲያይ መልሶ ይሸፍናትና «እግዜር ይማርሽ እታለም» ብሎ ያልፋል። አንዷንም ሳይመርቅ አላለፈም። እኔ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ዞርን፤ አንድም ቀን አልነገርሁትም።

ከዚያ አንድ ሹፌር፣ ፋው ከሚባለው ከተማ ማዶ ባለ ክሊኒክ አንገቷን የተነቀሰች፣ ቃል የማይወጣት ሐበሻ ሴት አይቻለሁ አለ። በአገራችን አንገቷን ያልተነቀሰች ሴት ትቆጠር ነበርን? አያ ድረስ ግን የእንጉዳይ ንቅሳት ነው አለ። በዚያ ሳምንት መጠለያው ካርድ ያድሳል፤ ያልተገኘ እህሉን ያጣል። ደመናውም ጠቁሮ ነበር። ያ ዋልካ መሬት አንዴ ከራሰ ሎሪ እስከ መስከረም አይንቀሳቀስበትም።

እሄዳለሁ ብሎ የሹፌሩ ሎሪ ላይ ወጥቶ ሳለ እግሩን ያዝሁት።

«አያ ድረስ፣ ውረድ። ዋሽቼሃለሁ። በፊልሙ ሴትዮዋ ሞታለች። ከጉድጓዱ የወጣችው እሷ ናት።»

ዝቅ ብሎ አየኝና ራሴን ዳበሰኝ። «አሁን ነው የዋሸኸኝ» አለ። «እንዳልሄድ ብለህ ነው። እንዴት ያለህ ደግ ልጅ ነህ።»

ማልሁ፣ አለቀስሁ። ሎሪው ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ገባ።

አንደኛ ያልነውን ክፍል ልጄ ከስልኳ ፈልጋ አገኘችው። ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ ነው፤ መጨረሻው ገና ከመጀመሪያው ይታወቃል ብለው ነው የጣሉት። እንክፈተው ስትለኝ ተዪው አልኋት። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲከፈት ከፋው የሚመጡትን ሹፌሮች አያ ድረስን አይታችኋል ወይ እያልሁ ጠይቄ ነበር። አላየነውም ሲሉኝ እሺ ብዬ እመለሳለሁ። እሱ ለሚስቱ ያደረገውን እኔ ለእሱ አላደረግሁም፤ ሎሪ ተሳፍሬ አልሄድሁም፤ በአንድም በረንዳ ጎንበስ ብዬ የተኛ ሰው ፊት ገልጬ አላየሁም። ባገኘውስ ብዬ ፈርቼ ነው።