ፍላሽ ውስጥ የቀረ ቁጣ

ባለቤቴ የምትስቀው በአማርኛ፣ የምትቆጣው በኦሮምኛ ነበር። እኔም ኦሮምኛዋን ለመስማት ስል የማላጠፋው ጥፋት አልነበረም። ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ ሳለን አንድ ቀን፣ ዝናብ ከመጣ የተሰጣውን ቡና እንዳነሣ አዝዛኝ ወጣች። እኔ አንቀላፋሁ፤ ዝናቡ አላንቀላፋም። ተመልሳ ስትወርድብኝ ስልኬን ጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ቁጣዋን ቀዳሁት። በኋላ እያሰማሁ ላበሽቃት ነበር። ጎረቤታችን የነበረው የኮምፒውተር መምህር ትምህርት ቤት ወስዶ በፍላሽ አደረገልኝ። ደግ አደረገ፤ ስልኩንማ ፏፏቴ ላሳያችሁ ብዬ እንግዳ ፊት ስንጠራራ ለሶር ወንዝ ገበርኩት።

እሷ ካረፈች ሦስተኛ ክረምት ሆነ። እኔም ጠቅልዬ መቱ ገባሁ። መቱ ክረምቱን የማይሻግት ነገር የለም፤ ቀበቶዬ እንኳ ፂም ያበቅላል። ስለዚህ እሷ የዘር በቆሎዋን እንደምትሰቅለው ፍላሹን በፌስታል ጠቅልዬ ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ ላይ ሰቀልኩት። ጭስ በቆሎን ከነቀዝ ካዳነ ሚስቴን ከሻጋታ ለምን አያድናትም? ይህን የመሰለ ብልሃት ከእኔ በቀር ለማን ይመጣል።

ለመስማት ግን ሳልደፍር ከረምኩ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋን በልቤ ፈለግሁት፤ ቃሉ አለ፣ ዜማው የለም። ደንግጬ ፍላሹን አወረድኩ።

የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያላት ሴትዮ ተቀብላኝ አሸተተችው። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር የቋንጣ ዘመድ ነው?" አለችኝ። ስትሰካው መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ፎርማት ካልተደረገ አልከፍትም አለ። በሌላ ቀዳዳ ሞከረች፣ በላፕቶፕ ሞከረች፣ መልሱ ያው ነው። ፎርማት ላድርግልዎት ስትለኝ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት። ውስጡ ያለውን ሙልጭ አድርጎ ማጥፋት ነው አለች። ከእጇ እንዴት እንደነጠቅኋት እስከ ዛሬ ለደንበኛ ሁሉ ታወራለች።

በገዛ እጄ ጠብሼ የገደልኳት መስሎኝ የምድጃውን ነገር ተናዘዝኩ። ሴትዮዋ ስቃ ስታበቃ፣ ጭሱ ገድሎት ቢሆን መብራቱም አይበራም ነበር አለችኝ፤ የት እንደተሞላም ጠየቀችኝ። ቡሬ ነው አልኳት፤ መምህሩ ቫይረስ በልቶታል ብሎ መጀመሪያ ራሱ እንዳጸዳው፣ ስክሪኑም እንደሌላው ሰማያዊ ሳይሆን የበሰለ ቡና ይመስል እንደነበር ነገርኳት። ያኔ ገባት። ያ ኮምፒውተር የሚሠራው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ በሊኑክስ የተሰናዳን ፍላሽ ደግሞ የእሷ ዊንዶውስ አያውቀውም። እኔም ገባኝ፤ አማርኛ ብቻ በሚያውቅ እንግዳ ፊት ባለቤቴን እንደማስቆጣት ነው።

የሚያስነብብ ፕሮግራም እንዳታወርድልኝ ኔትወርክ ጠፍቶ ሰነበተ። እኔ ደግሞ መታገሥ አቃተኝና በጠዋቱ አውቶቡስ ቡሬ ወረድኩ። መምህሩ ሸብቷል፤ ያ ኮምፒውተር ግን ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ጨርቅ ለብሶ አለ። ፍላሹን ሲሰካበት አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ከፈተው።

መጀመሪያ የተሰማው ዝናብ ነው። ከዚያ ሳቅ። የማን መሰላችሁ? የእኔው፣ ጋቢ ውስጥ የታፈነ የጅብ ሳቅ። እሷ ከወዲያ ትናገራለች፣ እኔ በላይዋ ላይ እስቃለሁ። ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ድምፅ የቀበረው ምድጃ አይደለም፣ እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ዝም ስል ብቻ ድምፅዋ ጠርቶ ወጣ፦

"ጃርሳ ኮ፣ ማል ሲ ጎዳ?"

ሽማግሌዬ፣ ምን ላድርግህ ማለቷ ነው። ዜማው ተመለሰልኝ። "ኮ" የምትለው ላይ ድምፅዋ ትንሽ ይሰበራል፤ ሳቋን ይዛ ነው። ለካ በኦሮምኛም ትስቅ ኖሯል፤ እኔ በራሴ ሳቅ ተደፍኜ አልሰማኋትም።

መምህሩ ቅጂውን ወደ መጀመሪያው መለሰና፣ "ጋሼ፣ የእርስዎን ሳቅ ቆርጬ ላውጣው? እሳቸው ጥርት ብለው ይሰማሉ" አለኝ።

"ተወው ልጄ" አልኩት። "ሳቄ ከወጣ ማንን ትቆጣለች?"