ነጩ ቦታ ላይ የቆመው ዋልያ

ደባርቅ ውስጥ ግድግዳው ላይ ዋልያ ያልተሳለበት ሆቴል ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ የአንዱ ሆቴል ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ጠርተውኝ «የምግብ አዳራሹ ላይ የፈለግሽውን ሣዪበት» ሲሉኝ ጆሮዬን አላመንኩም።

አባቴ ዳባት ውስጥ አቋቋም ያስተምር ነበር። ልጅ ሆኜ ከበሮውን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀምጬ እሰማለሁ። መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ ከዚያ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ድንገት ጸናጽሉ ሁሉ ጸጥ ይልና እንደገና ይፈነዳል። መሣል የፈለግኩት ያንን ነበር። ሰው የለ፣ ተራራ የለ፤ ቀይና ጥቁር አራት ማዕዘኖች ብቻ። ከበሩ በኩል ሰፋ ሰፋ ብለው፣ ተራርቀው ይጀምራሉ፤ ወደ መሀል እየጠበቡና እየተጠጋጉ ይሮጣሉ። መሀል ላይ አንድ ሰፊ ነጭ ቦታ ተውኩ። ጸጥታው እሱ ነው። ከእሱ ወዲያ ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይንጫጫሉ።

ለፋሲካ ዳባት ሰንብቼ ስመለስ ነጩ ቦታ ላይ ዋልያ ቆሟል። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጢሙ የተበጠረ፣ እግሩ ሥር ሣር ሳይቀር የበቀለለት። የሣለው የከተማው ታፔላ ጸሐፊ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባዶ ቀርቶ ነበር እኮ የኔ ልጅ። ቀለም አልቆብሽ መስሎኝ አዘንኩልሽ።»

«ባዶ አይደለም! ከበሮው የሚያርፍበት ነው!»

«የምን ከበሮ?»

ጠረጴዛውን በመዳፌ እየመታሁ አሳየኋቸው። ድም... ድም... ድም፣ ድም፣ ድምድምድም። ከዚያ እጄን አየር ላይ አቆምኩት። «ሰሙ? እዚህ ላይ ነው ፍየል ያስገቡብኝ!»

«ዋልያ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ፍየል አይደለም። ቱሪስቱስ ምን ፎቶ ያንሣ? ደግሞ ግድግዳው የኔ ነው።»

ደሜ ፈላ። ከዕቃ ቤት የተረፈኝን ነጭ ቀለም አመጣሁና ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ እያየኝ ከቀንዱ ጀምሬ ቀባሁት። ጥበቃው ተጠርቶ ብሩሹን ከእጄ ሲነጥቀኝ የኋላ እግሮቹ ብቻ ቀርተው ነበር።

በሳምንቱ ዋልያው ተመለሰ። ይባስ ብሎ ግልገል አስከትሏል፤ ለግልገሉ ቦታ ሲባል አራት ማዕዘኖቼ ተደፍነዋል። ስሜ ግን ከታች ጥጉ ላይ አለ። አጥፉልኝ ብዬ ብለምን፣ «ለምን? የጀመርሽው አንቺ አይደለሽ?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ መናኸሪያው አካባቢ ሰዎች ያስቆሙኛል። በቀደም አንድ የማውቃቸው መምህር እጄን ጨብጠው፣ «ዋልያሽን አየሁት፤ መናገር ብቻ ነው የቀረው» አሉኝ።

«እኔ አልሣልኩትም!» አልኩ። መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ነው የጮህኩት።

ትሕትና መሰላቸው። ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።