ሲስተር ብርነሽ ይዛው የሄደችው የአንጓች አደራ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከማርቆስ የደወለው ሰው መልሶ ደወለ፤ አላነሳሁትም። ሲስተር ብርነሽ እንዴት ትሞታለች? ገና የምንነጋገረው አለን።

አሁን ግን ልጄም ደወለች፤ እያለቀሰች። እውነት ነው መሰለኝ።

ወዳጆቼ፣ እኔ ፊደል ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ ነኝ። የተሳሳተ ካያችሁ እለፉኝ፣ አታርሙኝ። ስለ ሲስተር ብርነሽ ሌላው ሰው ጥሩ ጥሩውን ይጽፋል። እኔ የምጽፈው የተጣላኋትን ነው። በዕድሜ ስለምበልጣትም አንቱ አልላትም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባለቤቴ አንጓች ልጃችንን ወልዳ ትኩሳት ያዛት። ከሉማሜ በጭነት መኪና ጋቢና አሳፍሬ ማርቆስ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ሲስተር ብርነሽ ያኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ለጋ ነርስ ነበረች። ከክፍሉ አስወጣችኝ። ታማሚዋ ከነርሷ ጋር ብቻ መነጋገር ትፈልጋለች አለችኝ። የገዛ ሚስቴ።

ደጅ ቆሜ የአንጓችን ድምፅ እሰማለሁ፣ ቃሉ ግን አይለይም። ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ያን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ አረፈች።

ቀብረን፣ ሰልስቱን አውጥተን፣ ማርቆስ ተመለስኩና ምን አለችሽ አልኳት። ስለ ሕመሟ ያለችውን ሁሉ ለሐኪሙ ነግሬዋለሁ፣ እሱን ይጠይቁት አለችኝ። ስለ ሕመሟ አይደለም የጠየቅሁሽ አልኳት። አንገቷን ደፋች።

«የቀረውን ለእሱ አትንገሪ ብላኛለች፣ አያ ይስማው።»

ለእሱ። ለእኔ ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያላሰብኩት ነገር የለም። በድያት ይሆን? ለልጇ ፈርታ ይሆን? ሌላ ሰው ነበራት ይሆን? ማሳው መሃል በሬዎቹን አቁሜ እቀር ነበር።

ሽማግሌ ሰበሰብኩ። እኛ አገር ሽማግሌ ደጁ ቆሞ እምቢ የሚል የለም፤ ደም የተቃባ እንኳ ይታረቃል። ሲስተር ጉልበታቸውን ስማ አስቀመጠቻቸው፤ እስኪጨርሱ አጎንብሳ ሰማች። ከዚያ የሙት አደራ ነው አለቻቸው። ትልቁ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አንስተው ብድግ አሉ። «ይስማው፣ ይህን ደብቀህ ነው ያመጣኸን?» አሉኝ። የገዛ ሽማግሌዎቼ እኔኑ ገሥጸው ተመለሱ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ «በጃንሆይ አምላክ ቁሚ» አልኳት። ያኔ ይህ ከተባለ እግር አይነሳም። ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ገበያተኛው እያየን፣ ዳኛ ፊት ወሰድኳት። ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥሮ መሄድ ጊዜው አልፎበታል እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔ የማውቀው የአባቴን ወግ ነው። መንገድ ላይ «ቀስ ይበሉ፣ ነጠላው የእናቴ ነው» አለችኝ።

ዳኛው፣ ባል የሚስቱን ቃል ቢጠይቅ ምን ነውር አለው አሏት። ነርስ በሥራዋ የሰማችውን ምስጢር ብታወጣ ሕግ ይቀጣታል፣ ስመረቅም ምያለሁ አለች። ንስሐ አባት ነሽ ወይ አልኳት እኔ። ችሎቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«አይደለሁም። እሳቸው ይፈታሉ፤ እኔ መያዝ ብቻ ነው የምችለው።»

ዳኛው ሟች ካልፈቀደች ማን ይፈቅዳል ብለው ቋጠሮውን እንድፈታ አዘዙኝ። አጥብቄ ቋጥሬው ኖሮ አልፈታ አለኝ። ራሷ ፈታችው።

በዚያው ዓመት አጨዳ ላይ ማጭድ እጄን ቆረጠኝ፤ አመረቀዘ። ማርቆስ ብሄድ ተረኛዋ እሷው። ዛሬ ልትበቀለኝ ነው አልኩ። ቁስሉን ስታጥብልኝ አለቀስኩ፤ ስለ እጄ አይደለም። ስለ አንጓች ለሰው የማልለውን ሁሉ አልኩ። ከዚያ ሉማሜ ተመልሼ፣ ይስማው እንዲህ አለ የሚል ወሬ እስኪመጣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ አልመጣም።

ያኔ ገባኝ። ገባኝ እንጂ አልበረደልኝም። ሁለቱ ይለያያሉ።

ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር እሄድ ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላም ከቤቷ። ስለ ልጄ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ዝናቡ። እኔ ዝም ስል ነገሩ ይገባታል። «አያ ይስማው፣ የተሰጠኝ እንድይዘው ነው» ትለኛለች፤ ሁልጊዜ ያችን ቃል። አንድ ጊዜ፣ ክፉ ነው ወይስ ደግ፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ አልኳት። ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ዳቦ ቆረሰችልኝ።

ባለፈው ፋሲካ ታማ አልጋ ላይ አገኘኋት። በሽተኛ አይለመንም ብዬ ተውኩት። መድኃኒትሽን ዋጪ ብቻ ብያት ወጣሁ። ስትድን እጠይቃለሁ ብዬ ነበር።

ሲስተር፣ ነገ ቀብርሽ ላይ እቆማለሁ። ምን ትሆንህ ነበር ይሉኛል። ዘመዴ አይደለሽም። አንቺ በሕይወት ሳለሽ የአንጓች ቃል አንድ ቦታ ነበር፤ መኪና ተሳፍሬ የምደርስበት ቦታ። አሁን በየት በኩል ልሂድ?

አልተቀየምኩሽም ብል ውሸት ነው። ነግረሽኝ ቢሆን ደግሞ አላከብርሽም ነበር። ይህን በቁምሽ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

ደህና ሁኚ እህቴ። እግዜር በደግ ይቀበልሽ። እኔ ከእንግዲህ የምጠይቀው ሰው የለኝም።