በሐረጉ ቦታ የነበረው መስመር

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ማኅሌት ላፕቶፗን ይዛ ቤቴ መጣች። ለንደን፣ ፓርክ ሮያል በሚባለው ሰፈር ከሌሎች ጋር በምትጋራው ወጥ ቤት በርበሬና ሚጥን ሽሮ እያሸገች መሸጥ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። በየከረጢቱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚያትምላት ማተሚያ ቤት ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ ይህን ሥራ ሠርተዋል አሉኝ» አለች። «ማተሚያ ቤቱ በጣም ስሎው ነው። አንዲት ቃል ቼንጅ ባደርግ ሳምንት ያስጠብቁኛል። ፕሪንተር ኦርደር አድርጌ ራሴ ባትመው አይሻልም?»

ወንበሬን ከላፕቶፑ ወደ ኋላ ሳብሁ።

«ምነው ጋሼ፣ ፕሪንተር ነው ያልኩት እኮ፣ አውሬ አይደለም!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርሁ።

ያን ሥራ በሠራሁበት ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ልጅነቴን በአብነት ትምህርት ቤት ብራና ስፍቅና ቁም ጽሕፈት ስማር አሳልፌ ለንደን ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክሮይደን ወዳለው የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ተመላልሼ የሥራ ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ፣ እሑድ እሑድ በዲቁና አገለግላለሁ፤ በሌላው ቀን እትዬ አስካለ ዘንድ ሽሮ አስፈጫለሁ፣ አሽጋለሁ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሥራ የማይጠግቡ ሴት ነበሩ። የሥራ ቤታችን ጎረቤት ብስኩት ፋብሪካ ስለነበር፣ የእርሱ የቅቤና የስኳር ሽታ ከእኛ በርበሬ ጋር ተደባልቆ ካፖርቴ ላይ ያድራል፤ አውቶቡስ ስገባ ከጎኔ የተቀመጠው ሁሉ ያስነጥስ ነበር።

ጽሑፋችንን ያትምልን የነበረው ካምደን ውስጥ ጠባብ ሱቅ ያላቸው አንድ የቆጵሮስ ሽማግሌ ነበሩ። እኒህ ሰው እንግሊዝኛውን በስልክ ከላይ እስከ ታች ሳናነብላቸው፣ እርሳቸውም መልሰው ሳያነቡልን ማሽናቸውን አያስነሡም። በዚህ እንስቅባቸው ነበር። እትዬ አስካለን የቸገራቸው ግን ሌላ ነው። የሽሯቸው ቅመም እንደ አጽዋማቱ ይለዋወጣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ቅቤ የለምና ወጡ እንዲወፍር የተፈጨ ለውዝ ይጨምሩበታል፤ ፋሲካ ሲሆን ይተዉታል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ በብዛት ካልሆነ አያትምም። ስለዚህ በየጾሙ ማግስት የማይለጠፍ ወረቀት እየተከመረ ይቀር ነበር።

«ማተሚያውን ይግዙና ጽሕፈቱን ለእኔ ይተዉት» አልኋቸው።

«አንተ የምታውቀው ብራና ነው። ይኼ የሽሮ ወረቀት ነው» አሉኝ።

«ፊደል መቼም ፊደል ነው፣ እትዬ።»

ማተሚያውና ኮምፒውተሩ በጾሙ መግቢያ ደረሱ። ከወረቀቱ ራስ ላይ፣ በመጻሕፍቶቻችን መክፈቻ እንደምናየው ያለ፣ በቀይና በቢጫ የተጠላለፈ ሐረግ ሣልሁ። ሐረጉ ሲገባ ቦታው ጠበበ። ከግርጌው «ለውዝ አለበት» የሚል መስመር በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበረ፤ ለውዝ የሚለው ቃል የሚገኘውም እዚያ ላይ ብቻ ነው። ኋላ አሳንሼ እመልሰዋለሁ ብዬ አነሣሁት። ከዚያም የመጀመሪያው ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ ውበቱ ዓይኔን ያዘው። ረሳሁት። ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው።

የኔታ በልጅነታችን፣ የተጻፈ መጽሐፍ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሳያነበውና ሳይታረም እንዲጠረዝ አይፈቅዱም ነበር። «ጸሐፊ የራሱን አያርምም፤ የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው የሚያየው» ይሉን ነበር። ይህን ትምህርት ሽሮ ላይ ማዋል እንዳለብኝ አላሰብሁም። እትዬ አስካለም ሐረጉን አይተው «እጅህ ይባረክ» ብለው አለፉ።

በዐቢይ ጾም በአንዱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በተከራየነው አዳራሽ ምሳ ቀረበ። ውጭ ቀጭን ዝናብ ይወርዳል፤ መስኮቶቹ በሽሮው እንፋሎት ታውረዋል። ሽሮውም ከረጢቱም የእኛ ነው። እትዬ አስካለ ታመው አልመጡም። ከመዘምራኑ አንዷ የሆነችው ሰላማዊት፣ ያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሳህኗን ይዛ ቀረበችኝ።

«ዲያቆን፣ ለውዝ የለበትም አይደል? እኔና ለውዝ ደመኞች ነን።»

ከረጢቱን አነሣሁ። የገዛ ጽሑፌን በጣቴ እየተከተልሁ፣ «ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቅመማ ቅመም» ብዬ አነበብሁላት። «ይኸው፤ የለበትም። ብዪ።»

ጥቂት እንደ ጎረሰች ጉሮሮዋን ያዘች። ከንፈሯ አበጠ፤ ወንበሩ ወደቀ፣ እርሷም ወደቀች። ከምእመናኑ መካከል ትርሲት የምትባል ነርስ እየሮጠች መጥታ ተንበረከከች።

«ምን በላች? አለርጂ አለባት እንዴ?»

«ለውዝ አይስማማትም» አለች አንዲት ጓደኛዋ።

ትርሲት ከረጢቱን ተቀብላ አገላብጣ አነበበችው። «ለውዝ የለበትም። እንግዲያው እህል አንቋት ነው» ብላ ጀርባዋን ትመታት ጀመር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፦ ወፍጮው ውስጥ የገለበጥሁት የለውዝ ከረጢት፣ ያነሣሁት መስመር፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያነበበው አንደበቴ። መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል፤ ያነበብሁላት እኔ ነኝ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል ዝም አልሁ። የሰላማዊት ፊት እየጠቆረ ሄደ።

በመጨረሻ «ለውዝ አለበት!» ብዬ ጮኽሁ። ጓደኛዋ ሰላማዊት ለእንዲህ ያለው ጊዜ በቦርሳዋ የምትይዘውን የአለርጂ መርፌ አወጣች፤ ትርሲት ጭኗ ላይ ወጋቻት። አምቡላንሱ ሲደርስ እያቃሰተች ትተነፍስ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች። የምግብ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ እትዬ አስካለ «ቤቱ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» ብለው ስሜን ሳያነሡ ሥራቸውን ዘጉ። እኔም አላረምኋቸውም። መስመሩን ማንሣቴን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜአለሁ። ስለ ዝምታው ግን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እትዬ አስካለም ሳይሰሙት ዐረፉ።

ለማኅሌት የነገርኋት መስመሩን እንዴት እንዳነሣሁና አንዲት ልጅ በዚያ ለሞት እንደ ደረሰች ብቻ ነው። «በቤትሽም ይታተም፣ በማተሚያ ቤት፣ አንቺ የጻፍሽውን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሳያነብልሽ አንድም ከረጢት አይውጣ» አልኋት።

«ኦኬ ጋሼ» አለች። ኮምፒውተሯን ከከደነች በኋላ ግን ቀና ብላ አየችኝ። «ልጅቷስ፣ እርስዎ እንደሆኑ ታውቃለች?»

ይህ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ሰላማዊት ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ እኔ ዛሬ መሪጌታ በሆንሁበት ደብር አብረን ነን፤ እሑድ እሑድ አጎንብሳ ሰላም ትለኛለች። ማኅሌት ከወጣች በኋላ ደወልሁላት።

«ሰላማዊት፣ ያን ቀን ከከረጢቱ ላይ ጽሑፉን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ» አልሁ። «ትርሲት ስትጠይቅም እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።»

ከወዲያ ማዶ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። በር ዘጋች፤ ጫጫታው ራቀ።

«አውቃለሁ፣ መሪጌታ» አለች። «ወለሉ ላይ ሆኜ እያየሁዎት ነበር። አፍዎ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ እስኪነግሩኝ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቿ ትምህርት፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም ተነጋግረን ተሰነባበትን። ትናንት እሑድ ነበር፤ እንደ ወትሮዋ አጎንብሳ ሰላም አለችኝ። ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ቆየት አለች፤ የምትጠብቀውን ቃል አውቀዋለሁ፤ በስልኩም «ይቅር በይኝ» አላልኋትም። አፌን ከፈትሁ። ዘጋሁት። ከኋላዋ ሰዎች ተሰልፈው ነበርና አለፈች።