ስሟን እስከ አያቷ

አባቴ ያላመነበትን ነገር አይከራከርም። እሺ ይልና ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ድንች ሊሸጥ ከዘንገና እንጅባራ ወጥቶ እኔ ቤት አደረ። ካፖርቱ በዝናብ በስብሶ ስለነበር ላደርቅለት ስሰቅለው የደም ግፊት መድኃኒቱ ከኪሱ ዱብ አለ። ሐኪም ያዘዘለት፣ እኔ ራሴ አብሬው ሄጄ የገዛሁለት መድኃኒት ነው። አንዷም ፍሬ አልተነካችም። እናቴ ደግሞ በደወለች ቁጥር ራሱን ይፈልጠዋል፣ ከእርሻ ሲመለስ አጥሩን እየተደገፈ ነው የሚገባው እያለች ታለቅስብኛለች። ደሜ ፈላ።

«የሚያምህ ኪስህን ነው እንዴ?» አልኩት።

ዝም አለኝ። አባቴ ዝም ሲል ነገር አለው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ነገር እስኪወጣ የመጠበቅ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ስነዘንዘው ስነዘንዘው በመጨረሻ አወጣው። ለካ ያላመናት ፋርማሲስቷን ነው።

መድኃኒቱን የሰጠችን ልጅ ቅልጥፍ ያለች ነች። አማርኛው እንዳያስቸግረው ብላ በአዊኛ ነበር ያስረዳችው። ከተቀመጡበት ሲነሱ ሊያዞርዎት ስለሚችል ቀስ ብለው ይነሱ፣ እግርዎም ሊያብጥ ይችላል፣ ካበጠ ይምጡና ይንገሩኝ ብላ አንድ በአንድ ነገረችው። እኔ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት ብዬ ወጣሁ። እሱ ግን ሌላ ነገር ይዞ ወጥቷል። ዕድሜ ልኬን ገበያ ወጥቻለሁ፣ የራሱን ድንች የሚያማ ነጋዴ አይቼ አላውቅም አለኝ። የሚሸጠውን የሚያማ ሰው ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሱቁን የሰው አደራ ይዞ የቆመ ነው። ጥሊሊ ገበያም ያልተማረ ሰው መድኃኒት ይሸጣል ሲባል ሰምቷል። ፈቃዷ ከነፎቶዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የለም ወይ ስለው፣ ወረቀትማ ማንም ይሰቅላል አለ።

«መንግሥት ያውቃት እንደሆነ እይልኝ» አለኝ። «ካወቃት እውጠዋለሁ።»

ቃሉን ያዝኩበት። የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዷ መምህርት የጤና ባለሙያዎችን ፈቃድ ማንም ሰው በስልኩ ገብቶ ማየት የሚችልበት የመንግሥት ገጽ እንዳለ ነግራኝ ነበር። ኔትወርኩ እስኪመጣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ብርዱን ጠጣሁት። በመጨረሻ ሲከፈትልኝ ከፋርማሲው በር ላይ ያለውን ስም አስገባሁ። ምንም የለም። ደግሜ አስገባሁ፣ አሁንም የለም። አባቴ እውነቱን ይሆን እንዴ? ውስጥ ሆኖ አገኘሽ ወይ ሲለኝ ኔትወርክ የለም ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን ከየት ይምጣ።

ጠዋት ወደ ፋርማሲው ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው የባነንኩት። በሩ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነው! ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል። እኔ ሆዬ ሲሚንቶ ነጋዴውን ከፋርማሲስቶች መሃል ስፈልግ ነበር ያመሸሁት። ብቻዬን ስስቅ ባለባጃጁ በመስታወት አየኝ።

ፋርማሲው ስደርስ ሰው ተሰልፏል። ሳላስብበት ልጅቷን ስምሽን እስከ አያትሽ ንገሪኝ አልኳት። ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በእኛ አገር የሴት ልጅን ስም እስከ አያቷ የሚጠይቅ ዝምድና የሚቆጥር ነው፤ ዝምድና የሚቆጥር ደግሞ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ነው። ከኋላዬ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጆሯቸውን ጣሉ።

«እትዬ፣ ለወንድምሽ ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

ሳቄ እስኪበርድ ቆይቼ እውነቱን ነገርኳት። አባቴ እንዲህ ብሎ፣ መድኃኒቱን ሳይውጥ ከርሞ፣ እኔም ላጣራሽ መጥቼ ነው አልኩ። ታኮርፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ያሳሰባት አለመዋጡ ነው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፈቃዷ እያሳየች፣ ከዚያ ላይ ገልብጪና አሁኑኑ እዪ፣ አይተሽም ቶሎ አስውጪልኝ አለችኝ። እዚያው ቆሜ አስገባሁት። ወጣ! ስሟ ከነአባቷ ከነአያቷ፣ ሙያዋ ፋርማሲስት፣ ፈቃዷም የጸና። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ልሄድ ስል የየት አገር ልጅ እንደሆነች ጠየቅኳት፤ ከዳንግላ ነኝ አለች።

ቤት ስገባ አባቴ ሊሄድ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል። ከስልኬ ላይ አነበብኩለት። ሙያዋን ሳነብ መስኮቱን ያያል፤ ፈቃዷን ሳነብም ያው ነው። ስሟን እስከ አያቷ ስጠራ ግን ዞር አለ።

«እስቲ ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት። ከየት ናት አለ፤ ከዳንግላ አልኩት። ከሆዱ ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ አወራልኝ። በጉብዝናው ጊዜ ፈረስ ሊገዛ ዳንግላ ገበያ ወርዶ አንድ ዳማ ፈረስ ልቡን ወሰደው። ሻጩ ገና ዋጋ ሳይጠራ፣ ይህ ፈረስ ዐመል አለበት፣ ውሃ አይሻገርም አለው። አባቴም ሰውየው ፈረሱን ለሌላ ገዢ ሊያስቀረው ፈልጎ የሚያማው መሰለውና የግድ ብሎ ገዛው። ሲመለስ የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ፈረሱ አራት እግሩን ተከለ። ቢጎትተው፣ ቢለምነው፣ ቢሰድበው ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ልጓሙ ከእጁ አመለጠና እሱ ራሱ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ እያየው፣ ውሃው ውስጥ በጀርባው ተዘረጋ። ያ ሻጭ የልጅቷ አያት ነው። ልጁንም፣ የእሷን አባት፣ ኋላ ላይ እዚያው ገበያ አውቆታል።

«አያቷም የፈረሱን ዐመል ነግሮኝ አላመንኩትም ነበር» አለ። «ያመንኩት ከረጠብኩ በኋላ ነው።»

እጁን ኪሱ ከቶ መድኃኒቱን አወጣና ውሃ አምጪልኝ አለኝ። አመጣሁለት። ዋጠ። ጠረጴዛውን ያዘና፣ ልጅቷ እንዳለችው፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።